ፀሐይ ከቂብላ ስትገባ፦ በሙስካት ቤቶች ቨርቲካል መጋረጃ መምረጥ፣ መለካትና መስቀል

አዲስ አበባ ላይ ሲሰግድ የኖረ ሰው ሙስካት ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዐስር ሶላት ሲቆም አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። በአዲስ አበባ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ መካ ከከተማዋ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትገኛለችና። ከሙስካት ግን መካ በምዕራብ ናት፤ የቂብላው አቅጣጫ ከቀጥተኛው ምዕራብ የሚለየው በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ዐስርን የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደምታዘቀዝቀው ፀሐይ መልሶ ይቆማል። በቂብላው ግድግዳ ላይ መስኮት ካለ ብርሃኑ ዓይኑን፣ ሙቀቱ ግንባሩን ያገኘዋል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሙስካት በሰሜን ኬክሮስ 23.6 ዲግሪ ገደማ፣ ፀሐይ በሰሜን በኩል የመጨረሻዋን ጫፍ ከምትነካበት መስመር አጠገብ ትገኛለች። በሰኔ ወር ቀትር ላይ ፀሐይ በአናት ስለምትቆም የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። የዐስር ወቅት ደግሞ በአብዛኞቹ መዝሀቦች ስሌት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ በላይ የራሱን ቁመት ሲያክል ነው። እንግዲያው በእነዚያ ቀናት ዐስር ሲገባ ፀሐይዋ በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ፣ ለቂብላው በጣም ቀርባ ትገኛለች። የመስኮቱ አናት ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ቢል ጨረሩ ወደ ክፍሉ 2 ሜትር ያህል ዘልቆ ይገባል። የመስገጃ ምንጣፉ የሚነጠፈው እዚያው ነው።

በሙስካት የመጋረጃ ነገር ከጌጥነት የሚያልፈው በዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2018 በዚሁ በሙስካት ግዛት ሥር ባለችው የባሕር ዳር ከተማ በቁረያት ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ከ42.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ ውሎ አድሯል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመዘገቡ ዝቅተኛ ሙቀቶች ሁሉ ይህ ከፍተኛው እንደሆነ በወቅቱ በዓለም ዙሪያ ተዘግቧል። ሌሊቱ እንዲህ ከሆነ በምዕራብ መስኮት የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ምን እንደሚጨምር መገመት አያዳግትም።

የቀድሞዎቹ የአገሩ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። በሙጥራሕ የባሕር ዳርቻ ጎዳና ላይ ከቆሙት የድሮ የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹ ሰገነታቸው በእንጨት ርብራብ የተሸፈነ ነው። ርብራቡ ነፋስ ያስገባል፣ ብርሃኑን ይሰብራል፣ በውጭ ያለው ሰው ሳያይ በውስጥ ያለው እንዲያይ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ በሩዊ፣ በአል ኸወይር፣ በጉብራና በመዓቢላ የተሠሩት አፓርታማዎች ግን ሰፋፊ ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮቶች ያሏቸው ሲሆኑ ርብራቡ ይሠራ የነበረውን ሥራ ሁሉ ለመጋረጃ ትተውታል።

ከመጋረጃ ዓይነቶች መካከል ይህን ሥራ በቅርብ የሚተካው፣ አገር ቤት ብዙ ሰው «የቢሮ መጋረጃ» የሚለው ቨርቲካል መጋረጃ ነው። ከላይ የአሉሚኒየም ሐዲድ አለው፤ በሐዲዱ ላይ ረጃጅም የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣቦች ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፤ ጥብጣቦቹ እንደ በር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ሲፈለግም ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። የተለመዱት የጥብጣብ ስፋቶች 89 ሚሊሜትርና 127 ሚሊሜትር ናቸው። ሰፊው ለትልቅ መስኮትና ለሰገነት በር፣ ጠባቡ ለአነስተኛ መስኮት ያምራል። ቆሞ ስለሚንጠለጠልም ጋደም ካለው የመጋረጃ ዓይነት ያነሰ አቧራ ይይዛል፤ አሸዋማ ነፋስ በሚጎበኘው ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለምዕራብ መስኮት ያለው ጥቅም ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጋደም ያለው መጋረጃ ከፍ ብላ የምትመጣን ፀሐይ ለመከላከል ጥሩ ነው፤ ዝቅ ብላ ከጎን የምትመጣዋን ግን ካልተዘጋ በቀር አይችላትም። የቨርቲካል መጋረጃ ጥብጣብ ግን ፊቱን ለፀሐይዋ ሰጥቶ በሌላው ወገን ብርሃን ያስገባል። በክረምት የሙስካት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ ጥብጣቦቹን ወደ ሰሜን ምዕራብ መክፈት ጨረሩን አስቀርቶ የሰማዩን ብርሃን ብቻ ያስገባል። በበጋው አናት ፀሐይዋ ከምዕራብ ጥቂት ወደ ሰሜን ስለምትል አከፋፈቱ ይገለበጣል። ለደቡብ መስኮት ያን ያህል መጨነቅ አያሻም፤ በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ በአናት ላይ ናት፣ በታኅሣሥ ደግሞ የምትገባው ለስላሳዋ ናት። ገንዘቡ የማይበቃ ቤተሰብ ከቂብላው መስኮት ይጀምር፤ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ የሚመታውን የምሥራቁን ያስከትል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። ከመስታወቱ በስተውስጥ የሚሰቀል ማንኛውም መጋረጃ ሙቀትን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ጨረሩን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነውና። ሊያደርግ የሚችለው የገባውን ብርሃን ወደ መጣበት መመለስ ሲሆን ለዚህም ወደ ውጭ የሚዞረው ፊት ነጭ ወይም ነጭ ለበስ መሆን አለበት። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ስለ ጨርቅ መጋረጃ ባሠራጨው ምክር፣ ጀርባው በነጭ ፕላስቲክ የተለበጠ መካከለኛ ቀለም ያለው መጋረጃ በመስኮት የሚገባውን ሙቀት በ33 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ጠቅሷል። ጥቁር ቡናማው ጥብጣብ በሱቅ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር በቂብላው መስኮት ላይ ራሱ ምድጃ ይሆናል።

የጨርቁ ዓይነትም እንደዚሁ በክፍሉ ሥራ ይወሰናል። ለወጥ ቤት ፕላስቲኩ ይመቻል፤ ቅባትና እንፋሎት በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳለታል። ይኸው ፕላስቲክ ግን ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊጣመምና ሊቢጫ ስለሚችል ለምዕራብ ክፍል ፖሊስተር ይሻላል። በሲብ፣ በዓዘይባና በቁርም ለባሕር ቀረብ ባሉ ቤቶች ጨዋማው አየር ብረትን ይበላልና ሐዲዱ አሉሚኒየም፣ ከታች ያለው ማያያዣ ሰንሰለትም ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

በሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ቀን ቀን ውጭው ከውስጥ ይልቅ ብሩህ ስለሆነ ስስ ጨርቅም ሆነ መስተዋት መሰል ፊልም የተለጠፈበት መስኮት ከመንገድ ሲያዩት ምንም አያሳይም። መግሪብ ካለፈ በኋላ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በውስጥ ያለው ለመንገደኛው ይታያል፤ በውስጥ ያለችው እናት ወይም እህት ሂጃቧን አውልቃ በቤቷ የተዝናናች መሆኗን ሳታውቅ ታስጎበኛለች። «ሂጃብ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ መነሻው ጋራጅ፣ መጋረጃ ማለት ነው። ሱረቱ አን-ኑር በ27ኛው አንቀጹ ሰው ወደ ሌላው ቤት ሳያስፈቅድ እንዳይገባ ያዝዛል፤ ይህ ፈቃድ የተደነገገው ዓይንን ለመጠበቅ እንደሆነም በሐዲስ ተብራርቷል። ስለዚህ ለመኝታ ቤትና ሴቶች ለሚቀመጡበት ክፍል ብርሃን የማያሳልፈው ጨርቅ ይመረጣል። መሞከሪያውም ቀላል ነው፦ በሱቁ ውስጥ የናሙናውን ቁራጭ በበራ የስልክ መብራት ፊት ይዞ እጅን ከኋላው ማንቀሳቀስ። ጣቶች ከተለዩ ሌሊት ሰውም ይለያል።

ስለ ሥዕልና አበባም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት የነበረ ባለሥዕል ስስ መጋረጃ በሶላት ላይ ፊታቸው እየተደቀነ ስላስቸገራቸው እንዲነሳ አዘዋል። የቂብላው መስኮት መጋረጃ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ቢሆን የሰጋጁ ልብ ያርፋል።

የዚህ ሁሉ ምርጫ ዋጋ ግን የሚታየው በልኬቱ ነው። የተሰፋ የጨርቅ መጋረጃ ቢረዝም ይታጠፋል፣ ቢጠብ ይቀጠላል። ቨርቲካል መጋረጃ ግን በልክ ታዝዞ ይቆረጣል፤ ያጠረ ጥብጣብ አይረዝምም፤ በደንበኛው ልክ የተቆረጠንም ሱቁ መልሶ ለሌላ ሊሸጠው ስለማይችል በቀላሉ አይቀበልም። የወር ደመወዙን ከፍሎ ለአገር ቤት ለሚልክ ሰው የአንድ ሴንቲሜትር ስሕተት የአንድ መስኮት ገንዘብ ነው። በክንድና በስንዝር መለካት ለጋቢ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ አይበቃም። የልብስ ሰፊ ሜትርም ስለሚለጠጥ አይታመንም። የብረት ሜትር ይያዝ፤ ሁሉም መስኮት በዚያው በአንዱ ሜትር ይለካ።

አስቀድሞ መጋረጃው የት እንደሚቀመጥ ይወሰናል። አንደኛው መንገድ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ፣ በመስኮቱ አናት ሥር መስቀል ነው፤ ሁለተኛው ከግድግዳው ፊት፣ ከመስኮቱ በላይ መስቀል ነው። በውስጥ የሚሰቀለው ንጹሕ መልክ አለው፤ ነገር ግን ጥብጣቡ የሚዞርበት ቦታ ይፈልጋል። 127 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ በመካከሉ ላይ ሲዞር ወደ መስታወቱ 6.4 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል። የሐዲዱ መካከል ከመስኮቱ እጀታ ቢያንስ 7 ሴንቲሜትር ካልራቀ ጥብጣቦቹ በእጀታው ላይ ይሰነቀራሉ። የግድግዳው ውፍረት ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ወይ 89 ሚሊሜትሩን መምረጥ ወይ በፊት መስቀል ግድ ነው።

በአል ኸወይር የሚገኝ አንድ የመኝታ ቤት መስኮት ለምሳሌ ይወሰድ። ስፋቱ ከላይ 1812፣ ከመካከል 1806፣ ከታች 1809 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። ግድግዳ በልስን ስለሚያብጥ እንዲህ ያለው ልዩነት የተለመደ ነው። የሚያዘው ትንሹ ነው፤ 1806። ከእሱ ላይ 10 ሚሊሜትር ለመላወሻ ይቀነስና የሐዲዱ ርዝመት 1796 ይሆናል። ቁመቱም እንደዚሁ በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ይለካል። 1510፣ 1506፣ 1508 ከሆነ 1506 ተይዞ 15 ሚሊሜትር ይቀነሳል፤ 1491። ይህ ካልተቀነሰ የጥብጣቦቹ ታች የመስኮቱን ደፍ እየጠረገ አንዱ በአንዱ ላይ ይወሳሰባል።

በፊት ለሚሰቀለው ስሌቱ ተቃራኒ ነው፤ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ከመስኮቱ ክፍተት በግራና በቀኝ 10፣ 10 ሴንቲሜትር፣ ከላይም 10 ያህል ማሳለፍ ብርሃኑ በጠርዝ እንዳይሾልክ ይረዳል። ለቂብላው መስኮትና ለመኝታ ቤት ይህኛው የተሻለ ነው። የሰገነት በር ከሆነ ጥብጣቡ ከወለሉ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። መጋረጃው ሲሰበሰብ ጥብጣቦቹ የሚከማቹበት ቦታም ይታሰብ፤ 2 ሜትር ስፋት ያለው መጋረጃ ተሰብስቦ ሩብ ሜትር ያህል ይይዛል። ክምችቱ የበሩ መክፈቻ ባለበት ጎን ከሆነ በየቀኑ ያናድዳል። የድሮው የመስኮት ኤሲ ባለበት ክፍል ደግሞ መጋረጃው ቀዝቃዛውን አየር በራሱና በመስታወቱ መካከል አስሮ እንዳያስቀረው ከኤሲው በላይ እንዲያበቃ ተደርጎ ይታዘዛል።

አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከመለካቱ ሳይሆን ከመናገሩ ነው። በአማርኛ «አንድ ሜትር ከስምንት» ሲባል አንዱ 1.08፣ ሌላው 1.80 ብሎ ይሰማል። በሙስካት ሱቅ ውስጥ ደግሞ ገዢው አማርኛ፣ ሻጩ ማላያላም ወይም ቤንጋሊ ተናጋሪ ሆኖ በሁለቱም ዘንድ ጎዶሎ በሆነ ዐረብኛ ይገበያያሉ። መፍትሔው በወረቀት ላይ በሚሊሜትር መጻፍ ነው፤ 1796 በየትኛውም ቋንቋ 1796 ነው። አስቀድሞ ስፋቱ (በዐረብኛ ዓርድ)፣ ቀጥሎ ቁመቱ (ኢርቲፋዕ) ይጻፍ። ከዚህም የሚበልጠው፣ የተጻፈው የመስኮቱ ክፍተት ልክ ይሁን ወይስ የተጠናቀቀው መጋረጃ ልክ አፍ አውጥቶ መናገር ነው። ገዢው 10 ሚሊሜትር ቀንሶ ሄዶ ሱቁም በልማዱ 10 ቢቀንስ መጋረጃው ከሁለቱም ወገን ክፍተት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፣ ገንዘቡ ግን የአንዱ ነው። ብዙ ሱቆች ዋጋውን በካሬ ሜትር ስለሚያሰሉ ትንሽ መስኮት ላይ ዝቅተኛ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ መስቀያውም በዋጋው መካተቱን መጠየቅ አይከፋም።

ሕፃን ባለበት ቤት ከዋጋም ከቀለምም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መጋረጃው የሚንቀሳቀሰው በምንድን ነው? አንዳንዱ ተንጠልጥሎ ቀለበት በሚሠራ ገመድና ሰንሰለት፣ አንዳንዱ በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ቀለበት የሠራ ገመድ የሕፃን አንገት ውስጥ ከገባ ጩኸት ሳይሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ ያጠፋል፤ ከጎን ባለው ክፍል ያለች እናት እንኳ አትሰማም። በዚሁ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋጅተው በመደብር የሚሸጡ የመስኮት መጋረጃዎች ገመድ አልባ ወይም ገመዳቸው የማይደረስበት እንዲሆን ደረጃ ወጥቷል። የአውሮፓው ኢ.ኤን. 13120 የተባለው ደረጃም ሕፃናትን ከገመድ ቀለበት አደጋ ለመጠበቅ ገደብ ያስቀምጣል፤ ቀለበት ያለው ገመድ በግድግዳ ላይ ተወጥሮ መታሰር አለበት። ባለዘንጉ ይጠየቅ፤ ካልተገኘም የመወጠሪያው ፕላስቲክ ከመጋረጃው ጋር በአንድ ቀን ግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ «ነገ» አይባል። የልጅ አልጋም ከመስኮቱ ይራቅ።

ከመብሳት በፊት የኪራይ ነገር አለ። በኦማን የአከራይና የተከራይ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሱልጣናዊ አዋጅ ቁጥር 6/89 የሚመራ ሲሆን ውሉም በማዘጋጃ ቤት ይመዘገባል። አከራዩ ግድግዳ እንዲበሳ መፍቀዱን በስልክ መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ መያዝ፣ ቤት ሲለቀቅ በተያዥ ገንዘብ ላይ ከሚነሳ ክርክር ያድናል።

ሥራው ራሱ ለሁለት ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከመስኮቱ አናት ያለው አብዛኛውን ጊዜ አርማታ ስለሆነ ተራ ድሪል አይበሳውም፤ የሚመታ ድሪልና 6 ቁጥር የግድግዳ ፑንታ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ መያዣዎች ከሐዲዱ ሁለት ጫፎች 10 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብለው፣ ሌሎቹ በመካከል ከ60 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ይመለከታሉ። ምልክቱ በእርሳስ ከተደረገ በኋላ በውሃ ልክ ይረጋገጥ፤ ጣሪያውን ወይም የመስኮቱን ጠርዝ ተማምኖ መስቀል ስሕተት ነው፣ እነሱም ዘንበል ይላሉና። ሐዲዱ ከተጋደለ ጥብጣቦቹ ወደ ዝቅተኛው ጎን ራሳቸው ይንሸራተታሉ። በማብሪያና ማጥፊያ ወይም በሶኬት ቀጥታ በላይ ባለው መስመር ላይ አይበሳም፤ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው። ፑንታው ብረት ከነካና አልሄድ ካለ መታገል ሳይሆን 2 ሴንቲሜትር ወደ ጎን መሄድ ነው። ፊሸሩ በመዶሻ ገብቶ ከግድግዳው እኩል ሲሆን መያዣው በብሎን ይታሰራል፣ ሐዲዱም ይገጠማል። የጂፕሰም ጣሪያ ላይ ግን ተራ ፊሸር አይይዝም፤ ወይ ከጂፕሰሙ በላይ ያለው የብረት አጥንት ይፈለጋል ወይ ለባዶ ቦታ የተሠራው ልዩ ፊሸር ይገዛል።

ጥብጣቦቹ የሚሰቀሉት በመጨረሻ ነው፤ ማንጠልጠያዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተዞሩ በኋላ፣ ነጩ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ አንድ በአንድ። ለማውረድ ደግሞ እንደ ባንክ ካርድ ያለ ስስ ነገር በጥብጣቡና በማንጠልጠያው ምላስ መካከል አስገብቶ ወደ ታች መሳብ ይበቃል። ይህ በአሠሪ ቤት ለሚሠሩ እህቶች በተለይ ይጠቅማል። መጋረጃ አውርደሽ እጠቢ ስትባል በመስኮቱ ደፍ ላይ የምትወጣ ብዙ ናት። መስኮቱ ተዘግቶ፣ በክፍሉ ውስጥ በቆመ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ጥብጣቡን አንድ በአንድ ማውረድ ይቻላል፤ ሐዲዱን መንካት አያስፈልግም። አሠሪዋ መሰላል እንድታቀርብ መጠየቅም ነውር የለበትም።

ሁሉም ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍተሻ የሚደረገው ከዒሻ በኋላ ነው። አንዱ የቤተሰብ አባል መብራቱን አብርቶ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሌላው ወደ መንገድ ወርዶ ከግራም ከቀኝም፣ ከተቻለም ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ሆኖ ሽቅብ ይመለከታል። ጥላ የሚታየው ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ጥብጣቦቹን በተቃራኒው አቅጣጫ አዙሮ መዝጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የሚደራረቡበት ጠርዝ ወደ ሌላው ጎን ስለሚዞር ከዚያ ወገን የሚመጣው እይታ ይቆረጣል። የተዘጋበትንም አቅጣጫ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ በዘንጉ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት ማድረግ ይቻላል።